ስለ ሆድ ዕቃ ጤናና ስለ አጠባበቁ

ለመንደር ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ትምህርት

ገበሬ እህሉን ከአውድማ ወደ ጎተራ ከማግባቱ በፊት ጎተራው የደረቀና የተለቀለቀ እንደ ሆነ፣ አይጥም የሚገባበት ቀዳዳ የሌለው እንደ ሆነ ይመለከታል። ጎተራው ካልተጠበቀ የዓመት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። የሰው ሆድ ዕቃም እንደዚሁ ነው። ምንም መልካም ማዕድ ቢቀርብ፣ ጨጓራውና አንጀቱ ጤና ከሌላቸው የተበላው ሁሉ ለሰውነት ሳይጠቅም ይቀራል። ስለዚህ ስለ ምግብ የሚያስብ ሰው ስለ ምግቡ ማደሪያ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

የቀደሙ ሰዎች ይህን ነገር በመጽሐፍ ባይጽፉትም በንግግራቸው ያውቁት ነበር። ያዘነ ሰው «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል፤ የራራ ሰው «አንጀቴን በላው» ይላል፤ ደስ ያለውም «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ዛሬ ሐኪሞች መርምረው እንዳገኙት በሆድ ዕቃ ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን የማያንሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም ከአንጎል ጋር ዘወትር መልእክት ይለዋወጣሉ። በፈተና ቀን የሚፈራ ተማሪ ሆዱ የሚታወከው፣ ያዘነም ሰው እህል አልወርድ የሚለው ስለዚህ ነው።

፩ የምግብ መንገድ

ምግብ መንገዱን የሚጀምረው ከአፍ ነው። ጥርስ ያደቅቀዋል፣ ምራቅም ያርሰዋል፤ ምራቅ ደግሞ እህልን መለወጥ የሚጀምር ኃይል አለው። ስለዚህ ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው የጥርሱን ሥራ በጨጓራው ላይ ይጭናል።

ከዚህ በኋላ ምግብ በጉሮሮ ወርዶ ወደ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ ለአቅመ አዳም በደረሰ ሰው ዘንድ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ የሚይዝ ከረጢት ነው። በውስጡም እጅግ የኮመጠጠ ፈሳሽ አለ፤ ይህም ፈሳሽ ምግቡን ያሟሟዋል፣ ከምግብ ጋር የገቡትንም ብዙ ክፉ ተሐዋስያን ይገድላል። ምግብ በጨጓራ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ቅባት የበዛበት እንደ ሆነ ግን ከዚያ ይልቅ ይዘገያል።

ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይገባል። ቀጭኑ አንጀት ተጠቅልሎ ሳለ ትንሽ ቢመስልም ቢዘረጋ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ ከጉበት የሚመጣ ሐሞትና ከቆሽት የሚመጣ ፈሳሽ ይቀላቀሉበታል። የአንጀቱ ውስጠኛ ፊት እንደ ጥቃቅን ጣት በሆኑ ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ እነዚያም የምግቡን ፍሬ ነገር መጥጠው ወደ ደም ያሳልፉታል። የቀረው ወደ ወፍራሙ አንጀት ይሄዳል፤ ርዝመቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ አንጀት ውሃውን ይመጥጣል፤ ትራፊውም ዓይነ ምድር ሆኖ ይወጣል። ምግብ ከአፍ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

፪ በአንጀት ስለሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት

በሰው አንጀት ውስጥ፣ ይልቁንም በወፍራሙ አንጀት፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ፍጥረታት ይኖራሉ። ሊቃውንት በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. እንደ ገመቱት ቍጥራቸው 38 ሺህ ቢሊዮን ያህል ነው፤ የሰውም ሰውነት የተሠራባቸው ሕዋሳት 30 ሺህ ቢሊዮን ያህል ናቸው። ስለዚህ ሰው ብቻውን የሚኖር ቢመስለውም በሆዱ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ከእነዚህ የሚበዙት ጠላቶች አይደሉም። ሰው ሊፈጨው የማይችለውን የእህልና የቅጠል ገለባ እነርሱ ያብላሉታል፤ በዚህም ለአንጀት ግድግዳ ምግብ የሚሆን ነገር ያወጣሉ። ዳግመኛም ስፍራውን ይዘው ክፉዎቹ ተሐዋስያን እንዳይሰፍሩበት ይከለክላሉ። ነገሩ እንደ እርሻ ነው፤ መልካም ዘር የሞላበት ማሳ ለአረም ስፍራ የለውም፤ ባዶ የቀረ ማሳ ግን ፈጥኖ አረም ያበቅላል።

ስለ እነዚህ ረቂቃን አስቀድመው ካሰቡት ሊቃውንት አንዱ ኤልያስ ሜችኒኮቭ የሚባለው የሩስያ ሰው ነው። እርሱ በፓሪስ በፓስተር የምርመራ ቤት ይሠራ ነበር፤ በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ሰውነት ተሐዋስያንን እንዴት እንደሚከላከል በመመርመሩ የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ። ይኸው ሰው የረጋ ወተት ለአንጀት እንደሚጠቅም ያስተምር ነበር።

ከዚህ የተነሣ ተማሪ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ክፉውን ባክቴሪያ ሲገድል መልካሙንም አብሮ ይገድላል። ሐኪም ሳያዝዝ ከመድኃኒት መደብር ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጥ ሰው አረሙን አጠፋለሁ ሲል ሰብሉን ያጠፋል። ሐኪም ያዘዘውን ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በመካከል ማቋረጥ አይገባም።

፫ ስለ ዱከም ሥጋና ስለ ኮሶ ትል

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛና የመኪና ነጂ የሚያርፍባት ስለ ሆነች የሥጋ ቤቶቿ ስም የታወቀ ነው፤ ቁርጥ ለመብላት ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። በዙሪያዋ ያለው የአድአ ጥቁር አፈር ደግሞ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር የሚያበቅል ነው። እንግዲህ በዚህች ከተማ ስለ ሆድ ዕቃ ሊማር የሚፈልግ ሰው ሩቅ አይሄድም፤ አንጀትን የሚያውከውንም አንጀትን የሚጠግነውንም በአንድ ገበያ ያገኘዋል።

ጥሬ ሥጋ መብላት ከጥንት የመጣ የአገር ልማድ ነው፤ በሠርግ፣ በበዓልና በእንግዳ መቀበያ የክብር ምግብ ነው። ሰውን በልማዱ መዝለፍ አይገባም፤ ነገር ግን ልማዱ የሚያስከትለውን ማወቅ ይገባል። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል መግቢያ ነውና።

የኮሶ ትል ሕይወት እንደ ክብ ቀለበት የሚዞር ነው። ትሉ በሰው ቀጭን አንጀት ውስጥ በራሱ ተጣብቆ ይኖራል፤ ሰውነቱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆኖ ከብዙ ቁራጮች የተያያዘ ነው፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። በጫፉ ያሉት ቁራጮች እንቁላል የሞላባቸው ናቸው፤ እየተቆረጡም ከዓይነ ምድር ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም በራሳቸው ይወጣሉ። ይህ ሰው በሜዳ የተጸዳዳ እንደ ሆነ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከእንቁላሉም የሚወጣው ጽንስ በደም ተጉዞ በሥጋው ውስጥ እንደ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ፍሬው በአንጀቱ ይከፈታል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ሙሉ ትል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ እንደገና ይጀምራል።

በዚህ ነገር የሚያስደንቀው ትሉ ከሰው ወደ በሬ፣ ከበሬም ወደ ሰው ካልተላለፈ ዘሩ የሚጠፋ መሆኑ ነው። በሬው የሚታመመው ከሰው የተነሣ ነው፤ ሰውም የሚታመመው በሬውን ካሳመመ በኋላ ነው። ስለዚህ በሬውን መውቀስ ከንቱ ነው።

ትሉ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ሌላው ሆዱን ይቈርጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይለዋወጣል፣ ሰውነቱም ይቀንሳል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» እንደሚባለው፣ ሕመሙ ቀላል መስሎ ሰውየውን ለብዙ ዓመት ሊያደክመው ይችላል።

የቀደሙ ሰዎች ለዚህ ትል መድኃኒት አግኝተው ነበር፤ እርሱም በደጋ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ እጅግ ስለ ሆነ የመረረ ነገር ሁሉ በእርሱ ይመሰላል። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች ኮሶን ከመድኃኒቶቻቸው ዝርዝር አግብተውት ነበር።

በድሮ ጊዜ ብዙ ሰው ኮሶ የሚጠጣው በየሁለት ወሩ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ማስረዳት ይቻላል። ኮሶው የትሉን ሰውነት ጠርጎ ሲያወጣ ራሱ ግን ከአንጀቱ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ፣ ትሉ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ዳግመኛ ያድጋል። ወይም ሰውየው ያንኑ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ሌላ ትል ይገባበታል። እንግዲህ አባቶች ጊዜውን የለኩት በመሣሪያ ሳይሆን በልምድ ነው፤ ልኩንም አልሳቱም።

ይሁን እንጂ ኮሶ መጠኑ በትክክል የማይታወቅ ብርቱ መድኃኒት ነው። ያስመልሳል፣ ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል፣ ያደክማል፤ እርጉዝ ሴትና ሕፃን ከቶ ሊወስዱት አይገባም። ዛሬ በጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት ይገኛል፤ በሐኪም ትእዛዝ በተወሰነ መጠን ሲወሰድ ትሉን ከነራሱ ያጠፋል።

መድኃኒቱ ግን ቀለበቱን አይሰብርም። ቀለበቱ የሚሰበረው በሦስት ስፍራ ነው። መጀመሪያው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ በመጸዳጃ ቤት ከተጠቀመ በሬው እንቁላሉን ከሣር አያገኝም። ሁለተኛው ምርመራ ነው፤ በቄራ የታረደ ሥጋ በሥጋ መርማሪ ይታያል፤ በየቤቱ ለቅርጫ የሚታረደው ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። ደግሞም መርማሪ በጥንቃቄ ቢያይ እንኳ ጥቂት ፍሬ ብቻ ያለበት ሥጋ ሊያመልጠው ይችላል። ሦስተኛውና የታመነው እሳት ነው፤ ውስጡ እስኪበስል ድረስ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ሥጋ ትል አያስተላልፍም። ለብለብ ብቻ የተደረገ ሥጋ ከዚህ አይቈጠርም። በረዶ ቤት ባለበት ስፍራ ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን የቆየ ሥጋ ፍሬው ይሞትበታል።

ብዙ ሰዎች ሚጥሚጣና አዋዜ ትሉን ያቃጥለዋል፣ አረቄም ይገድለዋል ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም። ፍሬው በሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሚጥሚጣው ምላስን ያቃጥላል እንጂ እርሱን አይነካውም፤ አረቄውም ጨጓራን ይጎዳል።

፬ ስለ ሌሎቹ ትሎች

የሕፃናትን አንጀት የሚያውኩ ሌሎችም ትሎች አሉ። ወስፋት እንደ ምድር ትል ድቡልቡል ሆኖ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ እንቁላሉ ከአፈር ጋር በእጅ፣ በጥፍርና ባልታጠበ አትክልት ላይ ሆኖ ወደ አፍ ይገባል። መንጠቆ ትል የሚባለው ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከአንጀት ደም ስለሚመጥጥ ሕፃኑን ያገረጣዋል፣ ያደክመዋል። ይህ ትል የሚገባው በእርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ በእግር ቆዳ ነው። ስለዚህ ጫማ ማድረግ ለእግር ብቻ ሳይሆን ለአንጀትም ጥበቃ ነው።

ትል ያለበት ተማሪ ከምግቡ ከፊሉን ለትሉ ይገብራል፤ በትምህርት ቤትም ተቀምጦ ሳለ ሐሳቡ ይደክማል። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ የሚቈጣው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ሰነፍ ሳይሆን ደም ያነሰው ነው። በዚህ ምክንያት መንግሥት በ2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ለልጆች የትል መድኃኒት የማደል ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረ። አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል የሚባለው አንድ ፍሬ ተማሪውን ከወስፋትና ከመሰሎቹ ያነጻዋል። መድኃኒቱ በሚታደልበት ቀን ተማሪ ሊቀር አይገባውም።

ቢልሃርዝያ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ትል በውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ አንዱ ወገን የአንጀትንና የጉበትን ደም ሥር ያውካል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ያመጣል። በስምጥ ሸለቆው በወንጂና በመተሐራ የመስኖ ቦዮች አካባቢ ተገኝቷል።

ይህን ደዌ በመከላከል ስማቸው የተጠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ሰው ሁሉ ሲያየው የኖረውን ነገር እርሳቸው አስተውለው ጠየቁ፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርመራ አስረዱ። በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በስማቸው የተሰየመ የምርመራ ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ተማሪ ከዚህ የሚማረው የቤት ነገር የተናቀ እንዳልሆነ፣ የሚያስተውልም ሰው ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዕውቀት እንደሚያገኝ ነው።

፭ አንጀትን ስለሚጠግን ምግብ

የአንጀት መልካሞቹ ረቂቃን የሚመገቡት የእህልን፣ የጥራጥሬን፣ የአትክልትንና የፍራፍሬን ገለባ ነው። ሊቃውንት እንደሚመክሩት አንድ አዋቂ ሰው በቀን 25 ግራም ያህል እንዲህ ያለ የምግብ ገለባ ሊያገኝ ይገባዋል። ይህን ለማግኘት ከሩቅ አገር የሚመጣ ምግብ አያስፈልግም። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የሚፈጨው ከነገለባው ነው፤ የሽምብራና የባቄላ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ጎመንም ይህ ሀብት የሞላባቸው ናቸው። እንግዲህ ሥጋ ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ሰው በሽሮው አይፈር፤ ለአንጀቱ የሚሻለውን እየበላ ነውና።

እንጀራ የሚጋገረው ሊጡ በእርሾ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ነው። በመቡካቱ ጊዜ ረቂቃኑ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሱታል፤ ስለዚህ ሰውነት ብረቱን ካልቦካው ይልቅ ከቦካው እንጀራ አሻሽሎ ያገኘዋል። ነገር ግን በምጣድ እሳት ረቂቃኑ ራሳቸው ይሞታሉ። ሕያዋን ሆነው የሚገኙት በእርጎ ነው። እርጎ ግን ካልተፈላ ወተት ቢረጋ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከመልካም እርጎ ጥቂት ጨምሮ ማርጋት ይሻላል።

ጾምም ለአንጀት ጥቅም አለው፤ የጾም ምግብ የእህልና የጥራጥሬ ምግብ ነውና። ጉዳት የሚያመጣው በፍስክ ቀን በድንገት መብዛት ነው። ሰው ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ፣ በትንሣኤ ሌሊት ሥጋውን፣ ቅቤውንና ጠላውን በአንድ ጊዜ ቢያከማችበት ጨጓራው ይጨነቃል። በብዙ ቤት አስቀድሞ ተልባ የሚጠጣው ሆዱን ለማለስለስ ነው። ከዚያም ጥቂት በጥቂት መብላት የብልህ ሥራ ነው። ሆዱ የሚደርቅበት ሰውም በዘወትር ቀን ውሃ በብዛት ቢጠጣ፣ ተልባና አትክልት ቢያዘወትር፣ በእግሩም ቢሄድ ይሻለዋል።

፮ ስለ ጨጓራ ሕመም

ጨጓራ የሚያቃጥለው ሰው ብዙ ጊዜ በርበሬን ይከስሳል። በርበሬ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ የቁስሉ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። የአውስትራልያ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ሄሊኮባክተር የሚባል ባክቴሪያ አገኙ። ብዙዎች አላመኑም ነበርና፣ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደ ታመመ አሳየ። በ2005 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ ንጽሕና በጎደለው ውሃ፣ ምግብና እጅ እንደሚተላለፍ ይታሰባል፤ በምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል።

ሁለተኛው ምክንያት አስፕሪንና እርሱን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ማዘውተር ነው። ሲጋራና ብዙ አረቄም ይጎዳሉ። ዓይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን የጠቈረበት፣ ደም ያስመለሰው፣ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል።

፯ ስለ ተቅማጥ

ተቅማጥ ሕፃናትን ከሚገድሉ ደዌዎች አንዱ ነው። የሚገድለውም ይልቁንም ከሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት የወጣውን መተካት ነው።

በጤና ኬላ ለዚህ የሚሆን ኦ አር ኤስ የተባለ ዱቄት በከረጢት ይሰጣል። ዱቄቱ በማይገኝበት ስፍራ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል። ጨው ቢበዛ ሕፃኑን ይጎዳልና መጠኑን ማሳሳት አይገባም። ሕፃኑ ቢያስመልስ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ በጥቂት በጥቂቱ በማንኪያ ማጠጣት ነው። ጡትም ምግብም አይከለከልም። ከዚህ ጋር ሐኪም ዚንክ የሚባለውን ከ10 እስከ 14 ቀን ያዝዛል።

የሕፃኑ ዓይን የጐደጐደ፣ ሲያለቅስ እንባ ያጣ፣ ሽንቱ የቀረ፣ የፈዘዘ፣ መጠጣትም ያቃተው እንደ ሆነ፣ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም የታየ እንደ ሆነ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

በአንዳንድ ስፍራ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብለው ድዱን በስለት ቀድደው ገና ያልበቀለ ጥርሱን ያወጣሉ፤ ሌሎችም እንጥሉን ያስቈርጣሉ። ይህ ደዌውን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉም ይመረዛል፣ ለመዳኛ የነበረውም ሰዓት ያልፋል። ከዚህ ይልቅ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ቢጠባ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ የሚሰጠውንም የሮታ ቫይረስ ክትባት በጊዜው ቢወስድ ከብዙ አደጋ ይድናል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዚህ ይስማማል።

፰ የዕለት ልማዶች

እጅን ማስታጠብ የአገሩ ጨዋነት ነው፤ ማዕድ ሲቀርብ ታናሹ ውሃ ያስታጥባል፣ እንግዳም ሳይታጠብ አይቈርስም። ለዚህ መልካም ልማድ የጎደለው ሳሙና ብቻ ነው። ውሃ ብቻውን የእጅን ቅባትና በእርሱ የተያያዘውን ተሐዋስያን ደኅና አድርጎ አያነሣውም። ሳሙና ባይገኝ አመድ ይጠቅማል። ይልቁንም ጉርሻ የሚያጐርስ ሰው የሌላውን ጤና በእጁ ይዟልና ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ከማብሰል፣ ከመብላትና ሕፃን ከማብላት በፊት መታጠብ ግዴታ ነው። ጥፍርም ዘወትር ሊቈረጥ ይገባል።

የሚጠጣ ውሃ ከተፈላ አንድ ደቂቃ ሲንፈቀፈቅ ይቆይ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ግን ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ጣሳ እየነከሩ መቅዳትም ይቅር። መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ዝንብ እንዳይገባበትም ይከደን። ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም በንጹሕ ውሃ ሳይታጠቡ አይበሉ። ያደረ ወጥ እስኪፈላ ድረስ ይሞቅ።

ከዚህም ሁሉ ጋር ሰው በሰዓቱ ይብላ፣ አላምጦ ይዋጥ፣ ሳይጠግብ ጥቂት ሲቀረው ያቁም፣ ደኅና አድርጎም ይተኛ። ሕመም ቢሰማው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር፤ ይህ አገልግሎት በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ጤና በየመንደሩ በር እንዲደርስ ነውና።

በዚህ ትምህርት ከተነገረው የሚበዛው በቤት የሚሠራ ነው። ተማሪው የሰማውን ለእናቱና ለአባቱ በትሕትና ይንገር፤ አንድ ቁራጭ ሳሙና በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቢያኖር እንኳ ለታናናሾቹ ትልቅ ሥራ ሠራ።

ጥያቄዎች

፩ ምግብ ከአፍ ጀምሮ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች በተራ ተናገር።
፪ የኮሶ ትል ከሰው ወደ በሬ፣ ከበሬም ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል? ቀለበቱን በደብተርህ ሥለህ አሳይ።
፫ የቀደሙ ሰዎች ኮሶን በየሁለት ወሩ የሚጠጡት ለምን ነበር?
፬ አዋዜና አረቄ ትሉን የማይገድሉት ለምንድር ነው?
፭ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ምን አስተዋሉ?
፮ ለተቅማጥ የሚሆነውን መጠጥ በቤት ለማዘጋጀት ስንት ውሃ፣ ስንት ስኳርና ስንት ጨው ያስፈልጋል?
፯ በቤትህ ካለው ልማድ ለአንጀት የሚጠቅመው የትኛው ነው? ሊታረም የሚገባውስ የትኛው ነው?